ጣትህን አሳርፍበት

ጥቅምት 12

ይድረስ ለእህትዓለም፤

ሰላምታዬ መንገድ ላይ እንዳይቀዘቅዝ በወፍራሙ ፖስታ አሽጌዋለሁ። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ሥራውስ፣ ብርዱስ፣ ብቸኝነቱስ? እኛ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ሁላችንም ደህና ነን። የልጄ እናት ክሊኒኩ የሌሊት ተራ ቀንሶላት ፊቷ ወዝ አውጥቷል። ፀጉር ቤቴም በደንበኛ አይታማም፤ ፀጉር እንደሆነ ተቆረጥኩ ብሎ የሚቀር ነገር አይደለም።

ከሁሉ በፊት ለመኪናሽ እንኳን ደስ ያለሽ። ደብዳቤሽን እንደ ልማዳችን ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስልክ ለሰላምታ ነው፤ ሱቅ ሙሉ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ደብዳቤ ነው። መኪናው ላይ ስደርስ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ምላጭ ይዤ ነበርና ጆሮውን ያተረፈለት ፈጣሪ ነው።

አሁን ወደ ጭንቄ ልምጣ። ልጄን ቃጭሌ ያልኳት በከንቱ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ ክፍል ውስጥ ስታነብ ድምፅዋ ግቢው ድረስ ይሰማል። ታዲያ ይቺው ልጅ የስምንተኛ ክፍል የሙከራ ፈተና ላይ በሂሳብ አልፋ፣ በሳይንስ አልፋ፣ በንባብ ወደቀች። አስተማሪዋ ጠርቶኝ «ልጅዎ ታነባለች፤ የምትመልሰው ግን ያላነበበችውን ነው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዋናው ፈተና ሰኔ ላይ ነው። በንባብ ካላለፈች ከድልድዩ ማዶ ያለው፣ ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት አይቀበላትም። በመስኮቱ አሾልቃ ማይክሮስኮፑን ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። እኔም እሷን እያየሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አንቺ የዚሁ ዕድሜ ልጆች የንባብ አስተማሪ ሆነሽ ሳለ እኛ መውደቃችን ያሳፍራል። እባክሽ የንባብ መጽሐፍ ላኪልን። ወፍራም ይሁን። እግረ መንገድሽን ለቶንዶሴ የሚሆን ጥርስ ብታገኚ አልጠላም፤ የድሮው ፀጉር መቁረጡን ትቶ መንቀል ጀምሯል።

ጤናሽን ከነደስታሽ ያብዛልሽ።
ወንድምሽ


ኅዳር 9

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ከፖስታው ውስጥ ሰላምታህን ትኩስ እንደሆነ አገኘሁት። እኔ ደህና ነኝ፤ ለሁላችሁም ናፍቆቴ ከደብዳቤው ይበልጣል። የልጅህን እናት ሳምልኝ፤ ተራው ስለተቀነሰላት እኔም አብሬ አረፍኩ።

መኪና የለኝም። የጻፍኩት «አንዲት ባልደረባዬ ጠዋት ጠዋት በመኪናዋ ታደርሰኛለች» የሚል ነው። አምና ጉንፋን ያዘኝ ብዬ ብጽፍ የልብስ ሰፊው ሚስት ስታለቅስልኝ ከረመች ብለህ መልሰህልኛል። ካቻምና ክፍል ቀየርኩ ስልህ «ለአዲሱ ቪላሽ» ብላችሁ መረቃችሁኝ። ጋሼ፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ እኔ የማላውቃት፣ በስሜ የምትኖር ሌላ ሴት አለች። ኑሮዋ ከኔ ይሻላል፤ በሽታዋ ግን ይከፋል።

የአስተማሪው ነገር ለኔ በመጠኑ ገብቶኛል፤ እርግጠኛ ለመሆን ግን ማየት አለብኝ። ቃጭሌ የወደቀችበትን ጽሑፍና የመለሰችውን እንዳለ ገልብጠህ ላክልኝ። እንዳለ ነው ያልኩህ። ወፍራም መጽሐፍ አልልክም፤ ችግሩ የመጽሐፉ መቅጠን አይመስለኝም። የቶንዶሱ ጥርስ ግን ከዚሁ ጋር አለልህ፤ እስኪደርስህ ድረስ የሰውን ራስ ፈጣሪ በሰላም ያቆይልን።

የምትወድህ እህትህ


ታኅሣሥ 14

ይድረስ ለእህትዓለም፤

ሰላምታዬ እንደ አዲሱ ጥርስ የሰላ ይሁንልሽ። ልብስ ሰፊው ተቆርጦበት «ዛሬ ገና ራሴ ላይ እጅ አረፈ» ብሏል። መኪና እንደሌለሽ ለሱቁ አልተናገርኩም፤ ደስታቸውን ለምን ላበላሽ።

ያልሺውን ይኸው፤ ነጥቡም ሰረዙም አልጎደለም።

«አሮጊቷ ባለ ፎቁን ቤታቸውን ሸጡ። ጎረቤቶቻቸው ሲሰናበቷቸው አለቀሱ። ‹ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ቢለኝ ነው› አሏቸው። አዲሱ ቤት እንደገቡ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ፣ ጎረቤቶቻቸው የሰጧቸውን አበባ ውሃ አጠጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ።»

ጥያቄው፣ አሮጊቷ ቤታቸውን ለምን ሸጡ? የሚል ነው። ምርጫዎቹ፣ ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው፣ ከጎረቤት ተጣልተው፣ ዕዳ ኖሮባቸው፣ ልጆቻቸው ወስደዋቸው። ቃጭሌ «ከጎረቤት ተጣልተው» ብላ መለሰች። ቀጥሎ የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ምንድን ነው? ይላል። እሷም «ጎረቤት አይታመንም» የሚለውን መረጠች። ሁለቱም ስህተት ተባሉ።

እስቲ ፍረጂ። በጉልበት ሕመም ቤት የሚሸጥ የት አገር ነው? ጉዳዩን ሱቅ ውስጥ አቀረብኩትና ወንበር ላይ ያለውም፣ ተራ የሚጠብቀውም ከልጄ ጋር ቆመ። ልብስ ሰፊውማ «አልቅሶ የሚሸኝ ጎረቤት አንድ ነገር አድርጓል» ብሎ ደመደመው። ቃጭሌን፣ መልሱን ከመጻፍሽ በፊት ጽሑፉን መለስ ብለሽ አይተሻል ወይ? ብላት «ገብቶኛል እኮ አባዬ፣ ምን አደርግለታለሁ?» አለችኝ።

ስለዚህ መጽሐፉን ተዪው፤ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ለፈተናው ቢሮ አንድ ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጻፊልን። መምህርት መሆንሽን ከላይ አድርጊው፤ ማኅተም ካለሽ ደግሞ እሰየው።

ክፉ አይንካሽ።
ወንድምሽ


ጥር 20

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ለአንተ፣ ለቤትህና ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚሰበሰበው ሸንጎ በሙሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ደብዳቤህን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንብቤ እስኪያስነጥሰኝ ሳቅኩ። ባልደረባዬ ተርጉሚልኝ ብላ ተርጉሜላት፣ ልብስ ሰፊውን ካላስተዋወቅሽኝ ብላለች።

ለቢሮው አልጽፍም። ልጅቷ ተሳስታለች። ማንበብ አቅቷት አይደለም፤ የምታነበው እንደ አባቷ ስለሆነ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ንባብ ስትሰማ ያደገችው እዚያ ወንበር ጥግ ሆና ነው። ወረቀቱ አንድ ሲል አንተ ሦስት ትላለህ፤ እሷም ማንበብ ማለት ይሄ ነው ብላ ያዘችው።

የኔዎቹ ልጆች ጉዳይ ተቃራኒው ነው። ያንኑ ጽሑፍ ተርጉሜ ትናንት ሰጠኋቸው። ቤቱ ለምን ተሸጠ? ስላቸው ሁሉም ጉልበቱን አገኙት። አሮጊቷ ጎረቤቶቻቸውን ይወዷቸው ነበር ወይ? ስላቸው ግን «አልተጻፈም» ብለው አፈጠጡብኝ። የኔዎቹ ከመስመሩ አይወርዱም፤ የአንተዋ መስመሩ ላይ አትወጣም። ፍቅሩ በእርግጥ «ይወዷቸዋል» ተብሎ አልተጻፈም። ነገር ግን ሻንጣ ሳይፈታ አበባ የሚያጠጣ ሰው ምን እንደተሰማው ለማወቅ ጣትህን አበባው ላይ አሳርፈህ አንድ እርምጃ መራመድ ይበቃል። አንድ እርምጃ ነው ያልኩት፤ እናንተ እኮ ከአበባው ተነስታችሁ ፍርድ ቤት ደረሳችሁ።

ከዛሬ ጀምሮ ደብዳቤዬን ቃጭሌ ታንብበው። አንተ ፀጉርህን ቁረጥ። በመሃል የሚጨምር ሰው፣ አንተም ብትሆን፣ ያለውን ነገር ያገኘበት መስመር ላይ ጣቱን ያሳርፍ። መስመር ካጣ ዝም ይበል። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ደግሞ ቀድማ አንተን አትጠይቅ፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቃላት ታነጋግራቸው። ዋና ሐሳቡንም አንብባ ስትጨርስ፣ ለመውጣት በር ላይ ለቆመ ሰው በአንድ ትንፋሽ እንደምትነግረው አድርጋ ትንገርህ።

መለማመጃ ይሁናት፦ ትናንት አዲስ ጫማ አድርጌ ማስተማር ጀመርኩ። ከእረፍት በፊት አንድ ተማሪ «መምህርት፣ አሞሻል እንዴ?» አለኝ። ከእረፍት በኋላ ያስተማርኩት መሳቢያዬ ውስጥ በማስቀምጠው አሮጌ ጫማ ነው። ባልደረባዬ አዲሱን አይታ «አንድ ቁጥር ከፍ ብትይ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ጥያቄ፦ አዲሱን ጫማ ለምን አወለቅኩት? መልሱ በቀጥታ አልተጻፈም፤ ግን አለ።

በደስታ ያክርማችሁ።
እህትህ


መጋቢት 17

ይድረስ ለተከበሩ መምህርት፤

እንደምን ከርመዋል? እኛ ደህና ነን። የላኩት ደብዳቤ ደርሶን ልጅቷ አንብባዋለች። ጫማው ጠቧቸው ነው ብላለች። ሱቁ ደህና ነው። አየሩም መልካም ነው። በመካከል የጨመርኩት ነገር የለም።

አክባሪዎ
ፀጉር አስተካካዩ


ሚያዝያ 5

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

የመጋቢቱን ደብዳቤህን እንደማስተምረው አድርጌ አነበብኩት። ዋና ሐሳቡ፣ ተቀይመኸኛል። ጣቴን የት እንዳሳረፍኩ ልንገርህ። ታናሽህን፣ አዝለህ ያሳደግካትን ልጅ፣ «እርስዎ» ብለሃል። ምንም ነገር ላኪልኝ አላልክም። ስለ ልብስ ሰፊው አንድ ቃል የለም። አየሩ መልካም ነው ብለሃል፤ በዕድሜህ ስለ አየር ጽፈህ አታውቅም።

አስከፍቼህ ከሆነ ይቅር በለኝ። ንባቡን ከአፍህ የነጠቅኩህ ንቄህ አይደለም። ለምን እንደምትጨምር ከማንም በላይ አውቃለሁ። አባታችን መንገድ ሥራ ላይ ሳለ የሚልከው ደብዳቤ ትዝ ይልሃል? «ደህና ነኝ። ጣራውን አስጠግኑ» ብሎ ያበቃ ነበር። እናታችን ማንበብ አትችልም፤ አንተ ታነብላታለህ። «ደህና ነኝ። ጣራውን አስጠግኑ፤ ዝናብ አንቺን ነክቶ እኔ ከዚህ ሆኜ እንዳልታመም።» እሷ ሳቋን በነጠላዋ ትሸፍንና ድገመው ትልሃለች። ስትደግመው የጨመርከውን ትረሳዋለህ። «ያቺን ዘለልካት» ትልሃለች።

እኔ ከጀርባህ ቆሜ ፊደል የምለቅም ሕፃን ነበርኩ። አንተ የምትለውን ወረቀቱ ላይ እፈልግና አጣዋለሁ። የአንተ ጭማሪ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ማንበብ የማልችል ደንቆሮ ነኝ ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር። ነገሩ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው፤ ሲገባኝ ደግሞ ይበልጥ ወደድኩህ። ለእናታችን ያደረግከው ደግ ነበር። አሁንም ደግ ነው እላለሁ። ቃጭሌ ግን ፈተናው ፊት የምትቀመጠው ብቻዋን ነው፤ የሚያርማት ሰውም ያልተጻፈውን ልክ ነው አይልላትም። ያ ትምህርት ቤት እንዲያመልጣት አልፈልግም። ያኔ ያለቀስኩትን እሷ እንድታለቅሰው አልፈልግም።

እባክህ አንቺ በለኝ። እርስዎ ስትለኝ አርጅቼ አደርኩ።

እህትህ


ግንቦት 11

ይድረስ ለእህትዓለም፤

አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ። ይበቃሻል ወይስ ልጨምር?

አዎ፣ ከፍቶኝ ነበር። ቅዳሜ ሲመጣ እኔ ቶንዶስ ይዤ ዝም፣ ልጄ ወንበር ላይ ቆማ ስታነብ፣ በገዛ ሱቄ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ። ደብዳቤሽን ግን ለብቻዬ፣ ሱቁን ዘግቼ ነው ያነበብኩት። እናታችን ላይ ስደርስ መስታወቱ ውስጥ ራሴን አይቼ፣ ይሄ ሽበታም ምን ያስለቅሰዋል አልኩ። አንቺ ከጀርባዬ ቆመሽ እንደምታነቢ አላውቅም ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ከልቤ ወጥቷል።

ስለ ሱቁ ልንገርሽ። «ጣትህን አሳርፍበት» የሚለው ነገርሽ እንደ ጉንፋን ተዛምቷል። አንዱ ደንበኛ ዳቦ ጋጋሪው ሊያገባ ነው ብሎ ገና ሳይቀመጥ ሁሉም በአንድ አፍ «ጣትህን አሳርፍበት» አሉት። ሰውየው ዳቦ ጋጋሪው አዲስ ሸሚዝ ከመልበሱ በቀር ማስረጃ አልነበረውም። ልብስ ሰፊው፣ ሸሚዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አሮጌው ስለተቃጠለበት ነው ብሎ ወሬውን በአጭሩ ቀጨው። ወሬ በግማሽ ቀንሷል፤ ልብስ ሰፊው ራሱ «እንዲህ ከሆነማ ቤቴ ቁጭ ብዬ እላጫለሁ» እያለ ያጉረመርማል። አልቀረም ግን።

ቃጭሌ ስሕተት ማረም ብቻ አይደለም የያዘችው። ራሱ ላይ አንድ ፀጉር የሌለው ጡረተኛ በየቅዳሜው የሚመጣበትን ምክንያት ንገረኝ አለችኝ። እኔ እንጃ፣ ልማድ ይሆናል አልኳት። «ጣቴን ያሳረፍኩት መላጣው ላይ ነው» አለችኝ። «ፀጉር ካልሆነ የሚመጣው ለእናንተ ነው። ቤቱ ሰው የለውም ማለት ነው።» ስንት ዘመን ራሱን ስወለውል ይህን አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ የእሱን ተራ መጨረሻ አድርጌዋለሁ፤ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ እንዲጫወት።

ሁለተኛው የሙከራ ፈተና ላይ ለጥቂት ነው ያመለጣት። ከፍ ብላለች፤ ግን አላለፈችም። ጽሑፉ ረጅም ሲሆን መሃል ላይ ትደክምና የድሮው አመሏ ይመለሳል። ትናንት «አባዬ፣ ብወድቅስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምላሴ ላይ ብዙ የሚያምር ነገር መጥቶ ነበር። አንዱም መስመር ስላልነበረው እጇን ያዝኩ። እፈራለሁ እህቴ። እሷ የምትመኘውን ያህል እኔም ተመኝቼዋለሁ።

አሁን የምለምንሽ ነገር የለም። ለእሷ የምትይው ካለሽ ግን ፈጠን በዪ።

ወንድምሽ


ግንቦት 29

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

ሦስቴ አንቺ ብለህ ወጣትነቴን መልሰህልኛል፤ ተባረክ። ፍርሃትህን ደብቀህ ባለመጻፍህ ደስ አለኝ፤ እኔም እፈራለሁ። ቀሪው ለቃጭሌ ነው።

የኔ ቃጭል፣ የጡረተኛውን ነገር ለተማሪዎቼ ነገርኳቸውና ከዚያ ወዲህ «አልተጻፈም» የሚለው ቀንሷል። ረጅም ጽሑፍ ሲመጣብሽ ሙሉውን አንዴ ልዋጠው አትበዪ። አንድ አንቀጽ አንብቢና ቆም ብለሽ፣ ምን አለኝ? በዪ። ጥያቄዎቹን አስቀድመሽ ገረፍ አድርጊያቸው፤ ምን እንደምትፈልጊ ካወቅሽ ቶሎ ታገኚዋለሽ። ሁለት መልስ ልክ ሲመስልሽ ደስ የሚልሽን አትምረጪ፤ ጣትሽ የሚያርፍበትን ምረጪ። ጽሑፉ ቢያናድድሽም ተዪው፤ ተጣልተሽ የምትመልሺው ከወጣሽ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ጻፊልኝና አብረን እናማዋለን።

ብትወድቂም አክስትሽ ነኝ። ብታልፊም አክስትሽ ነኝ። እዚህ ላይ መጨመር አያስፈልግም።

ልቤ ከእናንተ ጋር ነው።


ሐምሌ 18

ይድረስ ለእህትዓለም፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽ የሚለውን በኋላ እጠይቅሻለሁ፤ ዛሬ ሰላምታው ከወሬው መቅደም አልቻለም።

ውጤቱ የወጣው ቅዳሜ ነው። ቃጭሌ ወረቀቱን ከትምህርት ቤት ተቀብላ፣ እናቷም የክሊኒኩን ነጭ ካፖርት እንደለበሰች ከኋላዋ እየሮጠች፣ ሱቅ ገቡ። ሬድዮኑን ዘጋሁት። ጡረተኛው ወንበር ላይ ነበር፤ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቷል። ወረቀቱ እንደታጠፈ ነው። አልከፈተችውም።

«አንብቢው» አልኳት።

«አይ፣ አንተ አንብብልኝ አባዬ» አለችኝ። «ያለውን ብቻ።»

እህቴ፣ ስንት ደብዳቤ ያነበብኩ ሰውዬ እጄን ሁለቴ በፎጣ ጠረግኩ። ገለጥኩት። ሂሳብ፣ አልፋለች። ሳይንስ፣ አልፋለች። ከዚያ ንባብ የሚለውን አገኘሁትና ጣቴን አሳርፌ ከጎኑ ያለውን አየሁ። እንደገና አየሁት። «ንባብ፣ አልፋለች» አልኩ።

ሁሉም አፍ አፌን ያዩ ጀመር። ጭማሪ እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝ። በፊት ቢሆን ከአገሩ አንደኛ ወጥታለች፣ ፈታኞቹም አልቅሰዋል ብዬ እቀጥል ነበር። ልብስ ሰፊው «ሌላስ? ሌላ ምን ይላል?» አለኝ። ሌላ ምንም አይልም አልኩት። እንባዬ መጥቶ ወረቀቱ ብዥ አለብኝ።

ይህን ጊዜ ቃጭሌ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና፣ በዚያ በምታውቂው ድምፅ፣ «ከታች ደግሞ፣ ‹ይህ ሁሉ በአባቷ ነው› ይላል» ብላ አነበበች።

ልብስ ሰፊው ዘሎ ተነሳ። «ጣትሽን አሳርፊበት» አላት።

እሷም ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና፣ ጣቷን ደረቴ ላይ አሳረፈች።

ወንድምሽ